ከሴኡል ወደ ዲኤምዜድ የግማሽ ቀን ጉብኝት፦ ወረቀቱና ዋሻው

ሁለቱን ኮሪያዎች የሚለየው 4 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ቀጣና፣ ዲኤምዜድ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 27 ቀን 1953 የተኩስ አቁም ስምምነት ሲፈረም የተሠመረ ነው። ለማየት የሚጓጓው ሁሉ መጀመሪያ የሚደናገረው በወረቀቱ ነው፤ ፈቃዱ አንድ ሳይሆን ሁለት ስለሆነ።

አንደኛው ደቡብ ኮሪያ የሚያስገባው ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ቪዛ ማውጣት ግዴታው ነው፤ ኬ-ኢቲኤ የሚባለው የኢንተርኔት ፈቃድ አይመለከተውም። የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ግን ኬ-ኢቲኤ ያስፈልገዋል፦ 10,000 ዎን፣ ቢዘገይ ከበረራው 72 ሰዓት በፊት። ቢከለከሉም ገንዘቡ አይመለስም። የአሜሪካ ፓስፖርት በየጊዜው በሚራዘም ውሳኔ ነፃ ሲደረግ ቆይቷል፤ ትኬት ከመቁረጥ በፊት ማረጋገጥ ነው። ፍለጋ ላይ ቀድመው ብቅ የሚሉት ድረ ገጾች ብዙዎቹ ደላሎች ናቸው፣ ለዚያው ፎርም እጥፍ ድርብ ያስከፍላሉ። የመንግሥቱ አድራሻ መጨረሻው «ጎ ነጥብ ኬአር» (go.kr) ነው።

ሁለተኛው የቀጣናው መግቢያ ነው፤ እሱን የሚጨርሰው አስጎብኚው ነው። እዚህ ላይ የእኛን ሰው የሚያስቸግረው ስም ነው። ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም እያለ የራስንና የአባትን ብቻ ሞልቶ መላክ ኬላው ላይ ያስጠይቃል። በቶንግ-ኢል ድልድይ ወታደር አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ ፓስፖርት ያያል። ዋናው ፓስፖርት እንጂ ፎቶ ኮፒ ወይም ስልክ ላይ ያለ ምስል አይሠራም። ሰኞ ዝግ ነው። የቀጣናው ጉብኝት በሚነሳበት ኢምጂንጋክ ፓርክ የሚሸጠው የዕለቱ ቲኬት የተወሰነ ስለሆነና ቀድሞ የደረሰ ስለሚወስድ፣ የጠዋቱን አውቶቡስ ይምረጡ።

ገንዘቡን የሚያካክሰው ሦስተኛው ዋሻ ነው፤ ሰሜን ኮሪያ ከድንበሩ ሥር በድብቅ ወደ ደቡብ ከቆፈረቻቸው አንዱ። እ.ኤ.አ. በ1978 የተገኘ ነው፤ ርዝመቱ 1,635 ሜትር፣ ጥልቀቱ 73 ሜትር ገደማ። ስልክና ቦርሳ ሎከር ውስጥ ይቀራል፣ ሄልሜት ይደረጋል። ሄልሜቱን አይናቁት፤ ጣሪያው ዝቅ ስለሚል ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ እየሄደም ይጋጫል። ግድግዳውን ጠጋ ብለው ይዩት፦ ድንጋዩ ግራናይት ነው፣ ላዩ ግን ጥቁር ተቀብቷል። ሰሜኖቹ «የከሰል ማዕድን ነው» ለማለት የቀቡት ነው ይባላል። ቁልቁል መውረዱ ቀላል ነው፤ ጎብኚ የሚወርድበትን 358 ሜትር መግቢያ ዳገቱን መመለስ ግን ጉልበት ወይም ልብ ለሚያመው አይመከርም።

ሰሜኑን አሻግረው የሚያዩበት ዶራ ማማ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ግሩም ነው፤ 160 ሜትር የሚረዝመው የሰሜን ኮሪያ ባንዲራ ምሰሶ ይታያል። ጭጋግ ካለ ምንም የለም። ዶራሳን የባቡር ጣቢያ ካልተካተተ አይቆጭም። አንዳንዱ ጉብኝት መመለሻ ላይ ጂንሰንግ ሱቅ ያስገባል፤ ሰዓት ይበላልና ሲመዘገቡ ይጠይቁ። የሁለቱ ወገን ወታደሮች ፊት ለፊት የሚቆሙበት፣ ሰማያዊዎቹ ቤቶች ያሉበት ፓንሙንጆም በዚህ ጉብኝት ውስጥ የለም። እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ የአሜሪካ ወታደር ከጎብኚዎች መሃል ሮጦ ወደ ሰሜን ከተሻገረ ወዲህ የዚያ መግቢያ አስተማማኝ አይደለም፤ አስቀድሞ ሙሉ ክፍያ የሚጠይቅ ካለ ይጠንቀቁ።

ለኢትዮጵያዊ ግን ዲኤምዜድ ብቻውን ጎዶሎ ነው። በኮሪያ ጦርነት የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ ቃኘው ሻለቃ፣ የተዋጋው ወደ ምሥራቅ ራቅ ብሎ፣ በቹንቾን፣ በህዋቾንና በቾርዎን ተራሮች ነው። በማግስቱ በባቡር ቹንቾን ይሂዱ፤ ጎንግጂቾን ወንዝ አጠገብ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1968 የመረቁት ሐውልት፣ የዘማቾቹ መታሰቢያ አዳራሽና በዚያው ዓመት የተከፈተው «የኢትዮጵያ ቤት» ቡና ቤት ጎን ለጎን ናቸው። እዚያ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም።