ለውድድር የሚሆን የእንፋሎት ባቡር ሞዴል፦ ናስ፣ የብረት ኪት ወይስ ፕላስቲክ?

ለውድድር የምትሠሩት የመጀመሪያ ሞዴል ከሆነ ናሱን ለጊዜው እርሱት። አውቃለሁ፣ ዓይን ይስባል። ጃፓንና ኮሪያ ውስጥ በእጅ የተሠራ የናስ ሎኮሞቲቭ ላይ ሪቬቱ (ብረቱን የሚያያይዘው ሚስማር) ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ዋጋውም ከ1000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ግን ዳኞች የሚመዝኑት የእናንተን እጅ ነው፣ የፋብሪካውን አይደለም።

በአሜሪካው የሞዴል ባቡር ማኅበር በኤንኤምአርኤ ምዘና ሙሉ ነጥቡ 125 ነው። ለአሠራር 40፣ ከእውነተኛው ባቡር ጋር ለመመሳሰል 25፣ ለቀለምና ጽሑፍ 25፣ ለጥቃቅን ክፍሎች 20፣ ከባዶ ተነስቶ ለመሥራት 15። የሜሪት ሽልማት ለማግኘት 87.5 ይበቃል። እስቲ አስቡት፣ ተገጣጥሞ የመጣ ናስ ቀለም ብቻ ቀብታችሁ ብታቀርቡ ያ 40 ነጥብ ከየት ይመጣል?

ፕላስቲኩም ተገጣጥሞ ነው የሚሸጠው፣ ግን ዋጋው ቀለል ስለሚል ሲቆርጡት እጅ አይንቀጠቀጥም። ርካሾቹ ላይ የእጅ መደገፊያውና ቱቦው ከቦይለሩ (ከእንፋሎት ማፍያው) ጋር አብሮ የተቀረጸ ነው፤ እሱን በስለት ፍቃችሁ ታነሳላችሁ፣ በ0.5 ሚ.ሜ. መሰርሰሪያ ትበሳላችሁ፣ የናስ ሽቦ አስገብታችሁ በሱፐር ግሉ ጠብታ ታጣብቃላችሁ። ሽቦው ላይ ተጠንቀቁ። በኤችኦ መጠን፣ ማለትም በ1፡87፣ እውነተኛው ባቡር ላይ 5 ሴ.ሜ. የሚወፍር ቱቦ 0.6 ሚ.ሜ. ገደማ ነው የሚሆነው። ወፍራም ሽቦ ከሩቅ ያስታውቃል።

የብረት ኪት፣ ማለትም ክፍሎቹ ተበታትነው መጥተው ራሳችሁ የምትገጣጥሙት፣ የኔ ምርጫ ነው። ቦውዘር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኪቶች አሁን ባይመረቱም ያገለገሉ ዕቃዎች ገበያ ላይ ይገኛሉ። ቦይለሩ የዚንክ ቅይጥ ስለሆነ ከባድ ነው፣ ጥሩ አድርጎ ይጎትታል፣ ዘንጎቹንና ሞተሩን ራሳችሁ ስለምትገጥሙ የአሠራር ነጥቡም የእናንተ ነው። ክፋቱ ቀጫጭን መሰርሰሪያ ይሰብራል፤ ቀስ እያላችሁ በእጅ አዙሩት። ዚንክ ላይ በሊድ መበየድም አስቸጋሪ ነው፣ ማጣበቂያ ይሻላል።

የቱንም ግዙ፣ መጀመሪያ ፎቶና ንድፍ ሰብስቡ። ቢግ ቦይ የተባለውን ግዙፍ የአሜሪካ የእንፋሎት ባቡር ውሰዱ፦ 20ው በ1941፣ የቀሩት 5 በ1944 ተሠሩ፣ ሞዴሉ በኤችኦ 46 ሴ.ሜ. ገደማ ይረዝማል። ቁጥሩን 4014 ብላችሁ በ2019 ታድሶ እንደወጣው ከሠራችሁት ተጎታቹ ላይ ከሰል መከመር የለባችሁም፣ በነዳጅ ዘይት እንዲሠራ ተቀይሯልና። እንዲህ ያለውን ዳኛ አያልፈውም።

የጅቡቲ–አዲስ አበባን አሮጌ ባቡር መሥራት ያማራችሁ ካላችሁ ነገሩ ሌላ ነው። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ስለነበር በኤችኦ 12 ሚ.ሜ. ሐዲድ ያስፈልጋችኋል፣ የተለመደው 16.5 ሚ.ሜ. አይሆንም። ለ12 ሚ.ሜ. የሚሆን ቻሲ ፈልጉና አካሉን ከናስ ቆርቆሮ ቆርጣችሁ ሥሩ፤ ያኔ ከባዶ ተነስቶ ለመሥራት የሚሰጠው 15 ነጥብ ላይም ተስፋ አላችሁ።