የሽንት ኢንፌክሽን ፈጣን ምርመራ፦ ለላቦራቶሪዎ የትኛው ይሻላል?

ሻጭ “ፈጣን ነው” ሲልዎ፣ በፍጥነት የሚመልሰው የትኛውን ጥያቄ እንደሆነ ይጠይቁት። ኢንፌክሽን መኖሩን ነው ወይስ የትኛው አንቲባዮቲክ እንደሚሠራ? አብዛኞቹ የመጀመሪያውን ብቻ ይመልሳሉ።

ካልቸር (ባክቴሪያውን በሳህን ላይ ማብቀል) ሁለቱንም ይመልሳል፤ ግን ሁለት ቀን ይፈልጋል። 1 ማይክሮ ሊትር ሽንት በሉፕ (ልኩ በታወቀ መቅጃ ቀለበት) ተዘርቶ በ35–37 ዲግሪ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። 100 ኮሎኒ (በዓይን የሚታይ የባክቴሪያ ክምችት) ከወጣ በአንድ ሚሊ ሊትር 100,000 ባክቴሪያ አለ ማለት ነው። ሴንሲቲቪቲው (የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚለየው ፍተሻ) ደግሞ ሌላ 16–18 ሰዓት ይጨምራል።

ዲፕስቲክ (ሽንት ውስጥ ተነክሮ ቀለሙ የሚነበብ ስትሪፕ) ርካሽ ነው። ናይትራይቱ (ብዙ ባክቴሪያዎች ሽንት ውስጥ የሚሠሩት ኬሚካል) በ60 ሰከንድ፣ ነጭ የደም ሴሉ በ2 ደቂቃ ይነበባል። ሆኖም ኢንተሮኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ናይትራይት አይሠራም፤ ሽንቱ ፊኛ ውስጥ 4 ሰዓት ያህል ካልቆየ ወይም በሽተኛው ቫይታሚን ሲ ከወሰደ ኢንፌክሽን እያለም ናይትራይቱ ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል። ክዳኑ ተከፍቶ የዋለ የስትሪፕ ጠርሙስ ደግሞ እርጥበት ስለሚገባው የሐሰት ፖዘቲቭ ያመጣል።

ማይክሮስኮፕ ላለው ጤና ጣቢያ የእኛ ምርጫ ግራም ስቴይን (ባክቴሪያን ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት) ነው፤ ያለአግባብ ተረስቷል። በደንብ የተደባለቀ፣ ሴንትሪፊዩጅ ያልተደረገ አንድ ጠብታ ሽንት ስላይድ ላይ አድርቀው ይቀቡ። በ100 ኦብጀክቲቭ፣ በዘይት ሲታይ በየዕይታው አንድና ከዚያ በላይ ባክቴሪያ ካለ፣ ቁጥሩ ከ100,000 ጋር ይቀራረባል። ሴንትሪፊዩጅ ከተደረገ ግን ይህ ስሌት ይፈርሳል።

በቀን ብዙ ናሙና ለሚቀበል ሆስፒታል የሽንት ፍሎው ሳይቶሜትር (ሴሎችንና ባክቴሪያን በራሱ የሚቆጥር ማሽን) ያዋጣል። እያንዳንዱን ናሙና በደቂቃ ገደማ ቆጥሮ፣ ካልቸር የማያስፈልጋቸውን ይለያል፤ የካልቸር ማብቀያውን አጋር ይቆጥባል። መድኃኒት ግን አይመርጥም፤ ስለዚህ ካልቸር ለሌለው ላቦራቶሪ አይግዙት።

ሁለተኛውን ጥያቄ በፍጥነት የሚመልሰው በ2024 የሎንጂትዩድ ሽልማትን (የአንቲባዮቲክ አጠቃቀምን ለሚያግዝ ፈጣን ምርመራ የተሰጠ ሽልማት) ያሸነፈው ፒኤ-100 የተባለው የስዊድን ማሽን ነው። ከ400 ማይክሮ ሊትር ባነሰ ሽንት ባክቴሪያ መኖሩን በ15 ደቂቃ፣ የሚሠራውን መድኃኒት በ45 ደቂቃ ውስጥ ይነግራል። ትልቅ እመርታ ነው! ነገር ግን የሚፈትነው አምስት መድኃኒቶችን ነው፤ ናይትሮፉራንቶይንና ሲፕሮፍሎክሳሲን አሉበት፣ በአገራችን በብዛት የሚታዘዘው ሴፍትሪያክሶን ግን የለበትም። ለየበሽተኛው አንድ ካርትሪጅ ስለሚያልቅ፣ ከማሽኑ ዋጋ ይልቅ የካርትሪጁን ዋጋ፣ አቅርቦትና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን በጽሑፍ ያስይዙ።

ነፍሰ ጡሮችን ግን ሕመም ባይሰማቸውም እንኳ በካልቸር ይመርምሩ፤ ዲፕስቲክ ብዙ ያመልጠዋል።

ናሙናው ከተበላሸ የትኛውም ማሽን አያድነውም። የመጀመሪያው ከፈሰሰ በኋላ መካከለኛው ሽንት ይወሰድ፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ካልተሠራ በ4 ዲግሪ ፍሪጅ ይግባ። ቦሪክ አሲድ (የናሙና ማቆያ ኬሚካል) ያለበት ዕቃ ከተጠቀሙ እስከ መስመሩ ይሙሉት፤ ሲጎድል አሲዱ በርትቶ ባክቴሪያውን ያዳክመዋል፣ ካልቸሩም ባዶ ይወጣል።