ማርማላታው ከመጋገሩ በፊት ወይስ በኋላ?

ለበዓል ማርማላታ ያለው ኩኪስ ስንጋግር ሁሌም የሚነሳ ጥያቄ ነው። ሊጡ ያው ነው፣ ወጪውም ያው። ልዩነቱ ማርማላታው የሚገባበት ሰዓት ላይ ነው።

ቀድሞ ሲሞላ፦ ሥራው በአንዴ ያልቃል። የማርማላታው ላይ ደረቅ ስለሚል ኩኪሱን ደራርቦ ማስቀመጥ ይቻላል። ችግሩ መፍሰሱ ነው። ቀጭን ማርማላታ 180 ዲግሪ ላይ ይፈላና ከጠርዙ ወጥቶ ትሪው ላይ ያርራል። እኔ ወፍራሙን መርጬ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ ነው የማደርገው። ሊጡ የሚታጠፍ ከሆነ ደግሞ ጫፉን በእንቁላል ነጭ ቀብቶ ጠበቅ አድርጎ መጫን ነው፤ አለበለዚያ ኦቨን ውስጥ ይከፈታል።

በኋላ ሲሞላ፦ ቀለሙ ያምራል፣ የፍሬው ጣዕም ቁልጭ ይላል፣ የሚያርር ነገር የለም። ግን ሊጡ ሲነፋ ለማርማላታው ቀድሞ የተሠራው ጉድጓድ ይጠፋል፤ ከኦቨን እንደወጣ፣ ትኩስ ሳለ፣ በማንኪያ ጀርባ እንደገና ጎድጎድ ማድረግ ያስፈልጋል። መደራረብ አይቻልም፣ ይጣበቃል። ካደረ ደግሞ ኩኪሱ ይለሰልሳል።

በካርቶን ለዘመድ የሚላክ ወይም ከበዓሉ ቀደም ብሎ የሚጋገር ከሆነ ቀድሞ መሙላቱ ይሻላል። ለዕለቱ እንግዳ ግን በኋላ የተሞላው ዓይን ይስባል። ልጆች ማገዝ ከፈለጉም እሱን ምረጡ፤ ኩኪሱ ከቀዘቀዘ በኋላ ማርማላታውን ራሳቸው ይሞሉታል።