ላይን ለምታጥበው ሲስተር

ይቺን ምስጋና ሳልጽፍ ብቀር ይቆጨኛል።

እናቴ የሚጥል በሽታ እየደጋገመባት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝታ ነበር። ክንዷ ላይ ደም ሥር ስለጠፋ አንገቷ ላይ ሦስት አፍ ያለው ሴንትራል ላይን (ትልቅ ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ገባላት። መጀመሪያ በነበርንበት ቦታ (ስሙ ይቆይ) ግሉኮስ እየወረደ ባለበት በዚያው መስመር ፌኒቶይን የሚባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሰጧት። አጠገቧ ቆሜያለሁ። ጥርት ያለው ቱቦ እያየሁት እንደ ወተት ነጣ። ከዚያ አንዱ አፍ አልገፋም አለ። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም።

ይህችን ሲስተር ያገኘኋት ከተዛወርን በኋላ ነው። ግሉኮሱን ዘጋች፣ በ10 ሚሊ ሊትር ሳላይን (የጨው ውሃ) ላይኑን አጠበች፣ ገፋ ቆም፣ ገፋ ቆም እያደረገች። ፌኒቶይኑን ልትሰጥ ስትል ነው በሳላይን የምትበጠብጠው፣ ከረጢቱን ወደ መብራት አንስታ ታየዋለች፣ ማጣሪያ ትገጥማለች፣ ከዚያ ሞኒተሩ ላይ ዓይኗን ተክላ ቀስ ብላ ትሰጣለች፤ በደቂቃ ከ50 ሚሊ ግራም ካለፈ የደም ግፊት ሊወርድ፣ የልብ ምት ሊዛባ ይችላላ። ሲያልቅ እንደገና ሳላይን።

«ሲስተር፣ ስንት ጊዜ ነው የምታጥቢው?» አልኳት፣ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ሰልችቶኝ። ሳቀች። «ወንድሜ፣ ይሄ መድኃኒት ሟሙቶ የሚቆየው በጣም አልካላይን፣ ማለት የአሲድ ተቃራኒ፣ ስለሆነ ነው፤ ግሉኮስ ሲያገኘው ደቃቅ ጠጣር ይሆናል፤ ያ ደግሞ ወይ ላይኑን ይደፍናል ወይ ከደም ጋር ሳንባ ይገባል» አለችኝ። ያኔ ነው የወተቱ ነገር የገባኝ።

አንድ ሌሊት እናቴ ሴፍትሪአክሶን የሚባል አንቲባዮቲክ እየወሰደች ካልሲየም ታዘዘላት። ሁሉም ይሯሯጣል። ሲስተሯ ግን ሁለቱ ባንድ መስመር አብረው አይሄዱም ብላ ቆመች፣ ፋርማሲስቱ ጋ ደወለች፣ አንዱ አልቆ መስመሩ በደንብ እስኪታጠብ ሌላውን አልጀመረችም። የማታውቀውን አትገምትም፣ ትጠይቃለች። እኔ የወደድኩላት ይሄን ነው።

ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። አዲስ ነርሶችን የሚያሠለጥን ሰው የምትፈልጉ ግን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። አስታማሚዎችም «ላይኑ ታጥቧል ወይ?» ብላችሁ በትሕትና ብትጠይቁ ነውር የለውም፤ እሷ እንኳን ስጠይቃት ደስ ነው የሚላት።

እናቴ አሁን ቤት ናት። ስሟን እየረሳችው «ያቺ ውሃ የምታጠጣኝ ልጅ ደህና ናት?» ትለኛለች።