ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ልትሠሩ ላሰባችሁ፦ ከቁፋሮው በፊት ቀያሽ አስመጡ

ቦታችንን ለለካልን ቀያሽ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቅርብ። ስሜን አትጻፊ ስላለኝ «ልጁ» እያልኩ ልቀጥል።

ግቢያችን ዙሪያውን የድሮ የድንጋይ ካብ አለው። ፎርማኑ ካቡን ድንበር አድርጎ ኖራ ሊያሰምር ተዘጋጅቶ ነበር። ልጁ ግን «ካቡን ተዉት፣ ካርታውን አምጡልኝ» አለ። ቦታቸው በትክክል ተለክቶ ከታወቀ የመቆጣጠሪያ ነጥቦች ተነስቶ ማዕዘኖቹን በቶታል ስቴሽን (ርቀትና ማዕዘን በሚለካ የቀያሽ መሣሪያ) ሲያወጣ፣ በአንድ በኩል ያለው ካብ ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ጎረቤት ገብቶ ተገኘ። እዚያ ላይ ኮለን ቢቆም ኖሮ ጭቅጭቁ የሚመጣው ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ ነው። ማፍረሻው፣ ጠበቃው፣ ቀጠሮው… ባይነሳ ይሻላል።

እኔን የማረከኝ አያያዙ ነው። ችካል ከመምታቱ በፊት ጎረቤታችንን አስጠራ። «አባባ፣ እርስዎ ቆመው እያዩ ነው የምመታው» አላቸው። የእሳቸውንም ካርታ አምጥተው አብረው አስተያዩ። ቅር ሳይላቸው ቡና ጠጥተን ተለያየን።

«በስልክ ጂፒኤስ አይቻልም ወይ?» ብዬ ጠይቄው ነበር። እንደነገረኝ ስልክ ጥሩ በሚሠራበት ቀን እንኳ በሜትሮች ይስታል። በዚያ ላይ ብዙ ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ መነሻ ነው፤ ስልኩ የሚጠቀመው ደግሞ ሌላ ነው። የካርታውን ቁጥር ወደ ስልኩ መነሻ ሳትቀይሩ ካስገባችሁት ከመቶ ሜትር በላይ ይወስዳችኋል። ሰው ግቢ ገብታችሁ ትቆማላችሁ ማለት ነው።

ከፍታውንም ለካ። ለዓይን ሜዳ የሚመስለው ቦታ ከመንገዱ ወደ ጓሮ በደንብ ይወርዳል። የወለሉን ከፍታ በዚያ ባንወስን የክረምቱ ጎርፍ ቀጥታ ሳሎን ነበር የሚገባው። ሙሌቱ ስንት ቢያጆ እንደሚፈጅም አስልቶ ሰጠን። አፈር አቅራቢው ከጠራልን በጣም ያነሰ ነው።

ስለ ግቢያችን መረሬ (ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር) ስጠይቀው ደግሞ «እሱ የኔ ሙያ አይደለም፣ የአፈር ምርመራ አስደርጉ» አለኝ። እንዲህ የሚል ባለሙያ ብርቅ ነው።

ቅሬታ ካላችሁኝ፣ ቀጠሮ ላይ ያረፍዳል። በተለይ ጠዋት። የደብረ ብርሃንን ብርድ ለሚያውቅ ግን ይቅር ይባላል።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከመደወላችሁ በፊት ካርታችሁ ላይ የማዕዘኖቹ ኮኦርዲኔት (ቦታቸውን የሚያሳየው ቁጥር) መጻፉን እዩ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።