ከ14 ወር በኋላ፦ ጣሪያዬ ላይ ሶላር ፓኔል የያዙልኝ ስምንት ብራኬቶች

ዝናብ ባቆመ ቁጥር የማደርገው አንድ ነገር አለ። ቤት መኪናዬ (እንደ ቤት የሚታደርበት መኪና) ውስጥ ገብቼ ከአልጋው በላይ ያለውን ኮርኒስ በመዳፌ እዳብሳለሁ። ደረቅ ሲሆን ልቤ ይረጋጋል። ይህን የጀመርኩት ጣሪያው ላይ ሁለት ባለ 100 ዋት ሶላር ፓኔል ካሰርኩ ወዲህ ነው። አሁን 14 ወር ሆነው።

ስለ ፓኔሎች የሚጽፍ ሞልቷል። ፓኔሉን ስለሚይዘው ብራኬት ግን እምብዛም አይነሳም። እኔ ደግሞ በዚህ ሁሉ ጊዜ ፓኔሎቹ አንድም ቀን አላስቸገሩኝም። ያስቸገረኝ ሁሉ የመጣው ከማሰሪያው ነው። በተለይ ከብሎኖቹና ከቀዳዳዎቹ።

የገዛሁት ዜድ ብራኬት የሚባለውን ነው። ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ ከጎን ሲያዩት እንደ ደረጃ የታጠፈ ቁራጭ ነው። የላይኛው እግር ከፓኔሉ ፍሬም ጋር ይታሰራል፣ የታችኛው ጣሪያው ላይ ያርፋል። ለአንድ ፓኔል አራት፣ ለሁለቱ ስምንት። ብሎኑ፣ ዳዶውና ሮንዴላው አብሮ ይመጣል።

መጀመሪያ ላይ ያስጨነቀኝ ነፋሱ ነበር። መንገድ ላይ ተነቅሎ ከኋላ የሚመጣ ሰው ላይ ቢወድቅስ? ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የነፋሱ ግፊት በካሬ ሜትር ወደ 470 ኒውተን ይደርሳል። የአንዱ ፓኔል ስፋት የካሬ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ነፋሱ ከሥር ገብቶ ሙሉ በሙሉ ቢገፋው፣ 30 ኪሎ በሚያህል ጉልበት ወደ ላይ ይጎትተዋል ማለት ነው። ፓኔሉ ራሱ 7 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ለአራት እግር ሲካፈል ግን ይህ ከባድ ሸክም አይደለም። አሉሚኒየሙም እስከ ዛሬ አልታጠፈም፣ አልተሰነጠቀም።

ጥያቄው ብሎኑ ምን ነክሶ ይይዛል የሚለው ነው። የብዙ ቤት መኪና ጣሪያ ከሽፋኑ ሥር ስስ ኮምፔርሳቶ ነው፣ ከሥሩ ስፖንጅ መሳይ ሙቀት መከላከያ። ብሎኑ ማገር ካላገኘ የሚይዘው ያንን ስስ እንጨት ብቻ ነው። እኔ ማገሮቹን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። በጣቴ እያንኳኳሁ፣ ድምፁ የሚደፈንበትን እየፈለግኩ፣ በእርሳስ እያሰመርኩ። ከስምንቱ እግሮች ስድስቱ ማገር ላይ አረፉ። ለሁለቱ ግን ሌላ ዘዴ ያስፈልግ ነበር። ውስጡ ዳዶ ያለው የጎማ ቱቦ አለ፤ ቀዳዳው ውስጥ ይገባና ብሎኑ ሲጠብቅ ጎማው ከሥር አብጦ እንጨቱን ቆንጥጦ ይይዛል። እነዚያ ሁለት እግሮች እስከ ዛሬ አልላሉም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። አብረው የመጡት ብሎኖች ጥሩ አይደሉም። የመጡበት ፓኬት ላይ የማይዝጉ ናቸው ይላል። በአራተኛው ወር ላይ ጣሪያው ላይ ስወጣ ከሁለት እግሮች ሥር ቡናማ መስመር ወርዶ ነጩን ጣሪያ አበላሽቶታል። ዝገት ነው። ተራ ብረት ውሃ ሲያገኘው እንደሚዝግ መካኒክ ሁሉ ያውቃል። በጥሩ ስቴንለስ ብሎኖች ሁሉንም ቀየርኳቸው። ከዚያ ወዲህ አንድም የዝገት ምልክት አላየሁም። ብራኬቱን የምትገዙ ከሆነ ብሎኑን ለብቻው ግዙ፣ አብሮ የመጣውን ለሌላ ሥራ አስቀምጡት።

ዳዶዎቹም ላይ ተመሳሳይ ነገር ነበር። የመጀመሪያውን 500 ኪሎ ሜትር ከነዳሁ በኋላ ስፈትሽ ሁለቱ በእጅ የሚዞሩ ሆነው አገኘኋቸው። ኮረኮንች መንገድ ብዙ ነድቻለሁ፣ ንዝረቱ ቀላል አይደለም። ውስጣቸው የናይለን ቀለበት ባላቸው ዳዶዎች ተካኋቸው። ካጠበቅኩ በኋላ ዳዶውንና ብራኬቱን አንድ ላይ የሚያቋርጥ ቀጭን የቀለም መስመር አሰመርኩ። አሁን መፍቻ ሳልይዝ፣ መስመሩ መሰበሩንና አለመሰበሩን በማየት ብቻ አውቃለሁ።

ከሁሉም የከፋው ግን የውሃው ጉዳይ ነው። ይህ የብራኬቱ ጥፋት አይደለም፣ የእኔ ነው። የእኔ ጣሪያ ኢፒዲኤም በሚባል ጎማ የተሸፈነ ነው። ትክክለኛው አሠራር ከእግሩ ሥር ቡቲል ቴፕ (ለስላሳ፣ የሚጣበቅ የጎማ ቴፕ) ማንጠፍ፣ ብሎኑን ማጥበቅ፣ ከዚያ በብሎኑ ራስና በእግሩ ዙሪያ እንደ ማር ፈሶ ራሱን የሚያስተካክል ለጎማ ጣሪያ የተሠራ ማሸጊያ መጨመር ነው። ሰባቱን እግሮች እንዲህ ሠራሁ። ስምንተኛው ላይ ማሸጊያው አለቀብኝ። ሊመሽ ነው፣ ደመናው ከብዷል፤ እጄ ላይ ያለው ተራ ሲሊከን ነበርና እሱን ቀባሁት።

ሲሊከን እንዲህ ያለ ጎማ ላይ አጥብቆ አይዝም። በአምስተኛው ወር ኮርኒሱ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ቡናማ እድፍ ወጣ። ግራ ያጋባኝ ቦታው ነው። ከማንኛውም ቀዳዳ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ውሃ ከገባበት ቦታ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ማገር ተከትሎ ይሄድና የሚመቸው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል። ቀዳዳውን ለማግኘት ሁለት ቅዳሜ ፈጀሁ። ካገኘሁት በኋላም ሲሊከኑን ማንሳት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ቅባቱ ከቀረ ሌላ ማሸጊያ ላዩ ላይ አይጣበቅም። ስለዚህ በፕላስቲክ መፋቂያ ደጋግሜ ፋቅኩት፣ በአልኮል ጠረግኩት፣ ከዚያ እንደ ሌሎቹ አሸግኩት።

ብራኬቱን ከልቤ የምወድበት ምክንያትም አለ። በፓኔሉና በጣሪያው መካከል ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተዋል። ፓኔል ሙቀት አይወድም። ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከጉልበቱ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ያጣል። ፓኔሉ 60 ዲግሪ ከደረሰ ከመቶ 12 ያህሉ ጠፋ ማለት ነው። ያ ክፍተት ነፋስ ያሳልፋል። ጣሪያ ላይ በቀጥታ የሚለጠፉት ተጣጣፊ ፓኔሎች ይህን አያገኙም። መሬት ሆነው ሲያዩዋቸው አለመታየታቸው ያምራል፣ ቀዳዳም አይፈልጉም። እኔ ግን ክፍተቱን እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ዳግም ብሠራው የምለውጠው የፓኔሎቹን ቦታ ነው። አንደኛውን ከአየር ማቀዝቀዣው ሳጥን አጠገብ አስሬው ነበር። ከሰዓት በኋላ ጥላው የፓኔሉን ጠርዝ ይሸፍናል። ጠርዝ ብቻ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ትንሽ ጥላ የፓኔሉን ጉልበት ትልቅ ድርሻ ያጠፋዋል። በሰባተኛው ወር ነቅዬ አዛወርኩት። አራት እግር ተነሣ፣ አሮጌዎቹ ቀዳዳዎች ሁሉ ተደፈኑ፣ አዲስ ተበሱ። ትራፓኖ ከማንሳቴ በፊት በፓኔሉ ልክ ካርቶን ቆርጬ ጣሪያው ላይ አድርጌ ቀኑን ሙሉ ጥላው የት የት እንደሚሄድ ባይ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ዜድ ብራኬት ፓኔሉን ወደ ፀሐይ አያጋድልም። ፓኔሉ ሁልጊዜ ጠፍጣፋ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ከሁለቱ ወደ 150 ዋት አገኛለሁ፤ ዝቅ ስትል በጣም ይወርዳል። አንድ ቦታ ለሳምንታት የሚቆም ሰው ፓኔሉን የሚያጋድለውን ዓይነት ብራኬት ቢያይ ይሻለዋል። እኔ በየሁለት ቀኑ ስለምንቀሳቀስ በየጊዜው መሰላል መውጣት አልፈልግም።

ባለፈው ሳምንት በየስድስት ወሩ የማደርገውን ፍተሻ አደረግኩ። የቀለም መስመሮቹ ሁሉ ባሉበት ናቸው። ፊት ለፊት ባለው የግራ እግር ላይ ግን ማሸጊያው ፀሐይ መትቶት የፀጉር ያህል ስንጥቅ ጀምሯል። ቅዳሜ ጠርጌ ላዩ ላይ እጨምርበታለሁ። ሦስተኛ ፓኔል የማስርበት ቦታም ለክቻለሁ። አራቱም እግር ማገር ላይ ያርፋል፤ ብራኬቱ ያው ይሆናል፣ ብሎኑን ግን አስቀድሜ ገዝቼ አስቀምጫለሁ።