በወረቀት አውሮፕላን በረራን የሚያስተምሩትን መምህር ላመስግን

የልጄን የቅዳሜ አስተማሪ በግል አመስግኛቸዋለሁ፣ ግን አልበቃኝም። ልጆችን ስለ በረራ የሚያስተምሩት በወረቀት አውሮፕላን ነው። ከዚህ በፊት ያስመዘገብኩት ቦታ ስዕል ከሰሌዳ ያስገለብጡት ነበር፤ ልጄ 8 ዓመቱ ነው፣ ቶሎ ሰለቸው።

እዚህ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አየሁ። የልጄ አውሮፕላን ከእጁ እንደወጣ አፍንጫው ቀና ይልና አየር ላይ ቆም ብሎ ቁልቁል ይወድቃል። ደጋግሞ ወረወረ፣ ያው ነው። ተናዶ ሊቀደው ሲል መምህሩ «ቆይ፣ ምን አየህ?» አሉት። ሌላ ምንም አላሉም። ትንሽ አሰበና «አፍንጫው ቀለለ መሰለኝ» አለ፣ የወረቀት ክሊፕ ሰጡት፣ አፍንጫው ላይ ሰክቶ ቢወረውረው ቀጥ ብሎ ግድግዳው ድረስ ሄደ! ፊቱን ብታዩት።

ህጋቸው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ነው። ከዚያ ሦስቴ ወርውሮ መለካት። ክንፉንም አፍንጫውንም አብረህ ከነካካህ የትኛው እንደሠራ በምን ታውቃለህ? አፍንጫው እየተደፋ ካስቸገረ የክንፉን የኋላ ጠርዝ በጣም በትንሹ ወደ ላይ ማጠፍ፣ ወደ ጎን የሚንከባለል ከሆነ የሁለቱን ክንፎች ጫፍ ከመሃሉ ከፍ ማድረግ፤ ይህን ሁሉ ልጆቹ እየሞከሩ ነው የደረሱበት።

አራቱ ኃይሎች የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። እጅ ወደፊት ይገፋል፣ አየር ወደ ኋላ ይይዛል፣ ስበት ወደ ታች ይስባል፣ ክንፉ ደግሞ አየሩን ወደ ታች እየገፋ ራሱ ይነሳል። የወረቀቱ አውሮፕላን ሞተር ስለሌለው ከእጅ ከወጣ በኋላ የሚንሳፈፈው በዚያችው ግፊትና በከፍታው ነው።

ሌላ ቀን ሜዳ ወሰዷቸው። የሞተር አውሮፕላን ሠርተው ያበረሩት የራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1903 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበሩ 12 ሰከንድ አየር ላይ ቆይተው 36 ሜትር ገደማ ብቻ ሄደዋል፤ ያንን ርቀት በእርምጃ አስለኳቸው። ከዚያ በ2022 አንድ የወረቀት አውሮፕላን ከ88 ሜትር በላይ መብረሩን ሲነግሯቸው የልጆቹን ጩኸት መስማት ነበር።

ልጃችሁ ከ5 ዓመት በታች ከሆነ ማጠፉ ይከብደው ይሆናል፣ ትንሽ ጠብቁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን እንዲህ የሚያስተምር ሰው ስታገኙ ሳታመነቱ አስመዝግቡት።

ትናንት ማታ አውሮፕላኑ ወደ ግራ ሲጠመዘዝበት ላግዘው ጠጋ ስል «እማዬ አትንገሪኝ፣ መጀመሪያ ልየው» አለኝ። መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ።